የራሽኑ በቆሎ ገንፎ ሲሆን

በዛሬው የአማርኛ ገጻችን ስለ ስብሰባም ስለ ማስታወቂያም አናወራም። የምናወራው ስለ በቆሎ ነው። «ስለ በቆሎ ደግሞ ምን ይወራል? በልተን የሰለቸን ነገር!» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም እስከ ባለፈው ዙር ዕደላ ድረስ እንደዚሁ ስንል ነበር የከረምነው።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። እዚህ ካኩማ አንድ ራሽን በሚታደልበት ቀን ከማከፋፈያው ወጥተን ወደ ብሎካችን ስንመለስ፣ በመንገዱ ዳር እንደተለመደው ማዳበሪያ አንጥፈው በቆሎ የሚገዙ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከሻጮቹ መካከል አንድ የምናውቀው ወጣት አየን። ባለቤቱ ከወለደች ገና አራተኛ ቀኗ ነው። ሰላም ብለነው «ምነው፣ ቤት ውስጥ አራስ ይዘህ እህል ትሸጣለህ?» ብንለው ፊቱ ጠቆረ። «አራስ ስላለች እኮ ነው የምሸጠው። ገንፎ ያስፈልጋታል። የገብስ ዱቄት ልገዛ ነው። በዚህ በቆሎ አራስ ትታረሳለች እንዴ?» አለን።

ማታ ላይ ቤቱ ሄድን። ከሱቅ ያመጣው የገብስ ዱቄት በትንሽ ፌስታል ተቋጥሮ ተሰቅሏል። ሦስት ኪሎ በቆሎ ሸጦ ያገኘው ገንዘብ አንድ ኪሎ ገብስ እንኳ አልገዛለትም። ለአንድ ቀን፣ ቢበዛ ለሁለት ቀን የሚሆን ነው። አራሷ እንግዳ ስታይ ለመነሳት ሞከረች፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን አስቀመጥናት። ልጁ ይጠባል፤ እሷ ግን ምን እንደበላች ስንጠይቃት «ሻይ በዳቦ» ነበር መልሷ። በቆሎውስ? «እሱማ ሞክረነው ነበር፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ አልወርድ አለኝ» አለች።

ከዚያ ቤት ስንወጣ እርስ በርሳችን የተጠያየቅነው አንድ ነገር ነው። በዚህ ካምፕ ውስጥ በቆሎ በርካሽ ሸጠን በውድ ሌላ እህል የምንገዛው ስንት ቤት ነን? በቆሎው ነው የማይበላው ወይስ እኛ ነን አሠራሩን የማናውቀው?

መልሱን ፍለጋ ብዙ አልሄድንም። በብሎካችን ጫፍ አንዲት እናት አሉ። ስማቸው ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እማማ እያልን እንቀጥላለን። እማማ ከዋልዳ ካምፕ ጀምሮ የስደትን ኑሮ ያዩ፣ ዋልዳ ሲዘጋም ወደ ካኩማ ከመጡት ወገኖች አንዷ ናቸው። ትውልዳቸው ኢሉባቦር ነው። እዚያ በቆሎ የድሃ እህል ሳይሆን የጓሮ ሀብት ነው። ስለ አራሷ ስንነግራቸው ሳቅ ብለው፣ «ልጆቼ፣ በቆሎን የናቀው ሰው ሁሉ አሠራሩን ያላየ ነው። ገብስ የለመደ ሰው በቆሎን እንደ ገብስ ይሠራዋል፣ ከዚያ አይጥምም ይላል። በቆሎ የራሱ ጠባይ አለው። ነገ ጠዋት ኑ፣ ከነአራሷ ባል ኑ» አሉን።

በማግስቱ ፀሐይ ሳይበረታ ደረስን። (ሙቀቱ ከበረታ በኋላ የካኩማ ማድቤት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አንነግራችሁም።) እማማ በቆሎውን በሰፌድ ዘርግተው ይለቅማሉ። ጠጠሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ያለበትን አንድ በአንድ እያወጡ ይጥላሉ። የአራሷ ባል ሊያግዝ ቁጭ ብሎ አንድ እፍኝ አየት አድርጎ ሊያሳልፍ ሲል እጁን መታ አደረጉትና «የገንፎ ስንጥር ሲባል አልሰማህም?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን፣ እሱም ከዚያ በኋላ በጥሞና ለቀመ።

ከለቀማው በኋላ መሸክሸክ ነው። በቆሎው ላይ ትንሽ ውሃ እርጭ እርጭ አድርገው፣ ጥቂት ቆይተው በሙቀጫ ውስጥ ጨምረው በዘነዘና ቀስ እያሉ ወቀጡት። የሚፈለገው ቆዳው እንዲለቅ እንጂ እህሉ እንዲደቅ አይደለም። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጥተው በሰፌድ አበጠሩት። ያ አራሷን ጉሮሮ ቧጠጠኝ ያሰኛት ነገር ገለባው ነበር። ነገር ግን እማማ እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አላቸው። «ይኼን የማደርገው ለአራስ፣ ለታመመ ሰውና ለሕፃን ብቻ ነው። ለጤነኛ ሰው ገለባውን አላወጣም። ሲሸከሸክ እህሉ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ይሄዳል። ራሽናችን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።» ልክ ናቸው። ከቆዳውና ከእምብርቱ ጋር ከበቆሎው ቅባትና ቫይታሚን አብሮ የሚሄድ አለ። ሁልጊዜ ነጭ ዱቄት መብላት የሚያምረው ለዓይን ነው።

ቀጥሎ ማመስ። ምጣዱ ሲሞቅ በቆሎውን አፍስሰው ያለማቋረጥ አገላበጡት። «ቆሎ እንዳታደርጉት። ሽታው ሲመጣና መልኩ ትንሽ ሞቅ ሲል ይበቃል» አሉ። እኛ እስከዛሬ ዋናው ስህተታችን እዚህ ጋ እንደነበር የገባን ያን ጊዜ ነው። ገብስ ለገንፎ ሲሆን ታምሶ እንደሚፈጭ ሁላችንም እናቶቻችን ቤት አይተናል። በቆሎውን ግን ከማዳበሪያው በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤት ነው የምንወስደው። ከዚያ «ጥሬ ጥሬ ይላል» እንላለን። ታዲያ ጥሬ አይደል እንዴ!

ወፍጮ ቤት ላይም ነገር አለ። ወፍጮዎቹ ለኡጋሊ የሚፈጩ ስለሆኑ ዱቄቱ ሸካራ ነው። ለገንፎ ከሆነ አስቀድሞ «አድቅቀህ ፍጭልኝ» ማለት ያስፈልጋል። ዱቄቱ ቤት ሲገባ ይነፋል። በወንፊት ላይ የቀረው ሸካራ አይጣልም፣ ለቂንጬ ይሆናል። እማማ ጓዳ ውስጥ እሱን የሚያስቀምጡበት የዘይት ቆርቆሮ ለብቻው አለ።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። ለሁለት ኩባያ ዱቄት አምስት ኩባያ ያህል ውሃ ይዘው ነው የተነሱት። ከአምስቱ አንዱን ኩባያ ለብቻ አስቀምጠው አራቱን ከጨው ጋር ጣዱ። ውሃው እስኪፈላ ድረስ ካስቀመጡት ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ግማሽ ኩባያ ዱቄት በጥብጠው ልክ እንደ ሊጥ አዘጋጁ። ውሃው ሲንተከተክ ያንን ብጥብጥ እያማሰሉ ጨመሩት። ድስቱ ውስጥ ያለው አጥሚት መሰለ። ለአምስት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ተንተከተከ። ከዚያ ነው የቀረውን ዱቄት በአንድ እጅ በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሱ፣ በሌላው እጅ በማማሰያ ወደ ድስቱ ግድግዳ እየጫኑ ያገነፉት። አንድም አልጓጎለም።

ሲጠጥር እሳቱን ቀነሱ። ከእንጨቱ ሁለቱን ጎትተው አወጡና አጠፉ፤ ፍሙ ብቻ ቀረ። ድስቱን ከድነው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ አቆዩት። በመሃል ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍተው የፈላ ውሃ ጠብ እያደረጉ አገላበጡት። «ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። እጅ ደከመ፣ ጠነከረልኝ ብሎ ያወርደዋል። ጠነከረ ማለት በሰለ ማለት አይደለም። በቆሎ ከገብስ ይልቅ ጊዜ ይፈልጋል» አሉን። መብሰሉን እንዴት እናውቃለን ስንላቸው ጣታቸውን ውሃ ነክረው ነካ አደረጉት። አልያዘም። ገንፎውም ከድስቱ ግድግዳ እየለቀቀ ወደ መሃል ተሰብስቧል። ሽታውም ተለውጧል፤ የዱቄት ሽታ ሳይሆን የተጠበሰ እሸት የሚመስል ሽታ ነው ያለው።

ማባያውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ቅቤና በርበሬ ነው። ቅቤ ግን ከየት ይመጣል? እማማ የሚሠሩት እንዲህ ነው። የራሽኑን ዘይት በትንሽ ድስት ለስለስ ባለ እሳት ላይ አድርገው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቂት አብሽ፣ ከተገኘ ኮረሪማና ኮሰረት ይጨምሩበታል። ሳይቃጠል መዓዛው ሲወጣ ያጠሉታል። በርበሬውን እሳት ላይ አይጨምሩም፤ ዘይቱ ከወረደ በኋላ ነው። ቅቤ ከተገኘ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ መጨረሻ ላይ ጠብ ይደረጋል። «ቅቤውን ከመጀመሪያው ካነጠርከው ሽታው ከጭሱ ጋር ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ካደረግከው አንድ ማንኪያው አምስት ማንኪያ ይመስላል።» ይህች ዘዴ ብቻዋን የዚያን ቀን ድካማችንን ካሰችልን።

እኛም ቤታችን ገብተን ሞከርን። መደበቅ አያስፈልግም፣ የመጀመሪያው ተበላሽቷል። ከዝግጅት ክፍላችን አንዱ፣ የማን እንደሆነ አንናገርም፣ ብጥብጡን «ጊዜ ማባከን ነው» ብሎ ዘሎት ሁለቱን ኩባያ ዱቄት በአንድ ጊዜ ድስቱ ውስጥ ገለበጠው። ውጪው የበሰለ ውስጡ ደረቅ ዱቄት የሆነ ጓል በጓል ሆነ። ልጆቹ ጓሉን እየለቀሙ ለጎረቤት ዶሮ ሰጡት። ዶሮዎቹም ቢሆኑ አልቸኮሉም። የተቃጠለው እንጨት ግን እውነተኛ እንጨት ነው። የሚታደለው እንጨት እንደማይበቃና የተረፈውን ከቱርካና እናቶች በገንዘብ ወይም በእህል እየለወጥን እንደምናገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ብጥብጡን አትዝለሉ።

ሁለተኛው ሙከራ ሲሳካልን ደፈር ብለን ወደ ጎረቤት ሄድን። በዚህ ካምፕ በቆሎ የማያገነፋ ሕዝብ የለም ማለት ይቻላል። ኬንያውያን ኡጋሊ ይሉታል፣ ከኡጋንዳ የመጡት ፖሾ፣ ደቡብ ሱዳኖች አሲዳ፣ ሶማሌዎች ሶር፣ ኮንጎዎች ፉፉ ወይም ቡካሪ። የኦሮሞ ወገኖቻችን ማርቃ ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ያው ዱቄት፣ ውሃና ማማሰያ ነው። ልዩነቱ ከምን ጋር ይበላል የሚለው ላይ ነው፤ እኛም የተማርነው እሱን ነው።

ደቡብ ሱዳናዊት ጎረቤታችን የኦቾሎኒ (የለውዝ) ቅቤ ታደርግበታለች። ኦቾሎኒውን አምሳ፣ ቆዳውን አሽታ፣ ወቅጣ፣ ከቅጠላ ቅጠል ጋር እንደ ወጥ ሠርታ ነው የምታቀርበው። እኛ ይህን ወስደን በበርበሬ ሞከርነው። ኦቾሎኒውን በጥቂት ሙቅ ውሃ በጥብጠን፣ በርበሬና ጨው ጨምረን በገንፎው ጉድጓድ ውስጥ አፈሰስነው። በጾም ቀን ከዚህ የተሻለ የገንፎ ማባያ እስካሁን አላገኘንም። ተልባ ለለመደ ሰው ጣዕሙ ሩቅ አይደለም።

ሶማሊያዊት ጎረቤታችን ደግሞ ለልጆቿ ጣፋጭ ታደርገዋለች። የነፋችውን ደቃቅ የበቆሎ ዱቄት በቀዝቃዛ ወተት ትበጠብጣለች። (የዱቄት ወተትም ይሆናል።) ግማሽ ውሃ ግማሽ ወተት አፍልታ ብጥብጡን ትጨምርና እያማሰለች ታበስለዋለች። ስኳርና ትንሽ የተፈጨ ሄል ይገባበታል። ከእኛ ገንፎ ይልቅ ቀጠን ያለ ነው። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጣ ትተወዋለች። ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ በቢላዋ ይቆረጣል። በትልልቅ ሆቴሎች ፑዲንግ የሚሉት ዓይነት ነገር ነው። ከተረጋ በኋላ በዚህ ሙቀት እስከ ማግሥቱ አታሳድሩት፤ ወተት ያለበት ነገር ቶሎ ይበላሻል። ደግሞም አያድርም፣ ልጆቹ አያሳድሩትም።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ቤት እንደ አፉ ማስተካከል ይችላል። እንጀራ የለመደ አፍ ኮምጠጥ ያለ ነገር ይወዳል። እንደዚያ ከሆነ ብጥብጡን ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ከድኖ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ኮምጠጥ ይላል፣ በዚያው ይገነፋል። ኬንያውያንም የሚጠጡትን ኡጂ በዚህ መንገድ የሚያኮመጥጡ አሉ። የበቆሎ ገንፎ ይፈረፈርብኛል የሚል ሰው ደግሞ ሩብ ያህል የስንዴ ዱቄት ይቀላቅል፤ ይያያዝለታል። ማሽላ በሚታደልበት ዙር ግማሽ በግማሽ መቀላቀልም ይቻላል፣ መልኩ ይጠቁራል እንጂ ጣዕሙ ጥሩ ነው። አንድ አዛውንት ደግሞ «እኔ ጥርስ የለኝም፣ ክክ አብስላችሁ ፈጭታችሁ ቀላቅሉልኝ» አሉን፤ እንዳሉት ሆነ፣ አምሮም ወጣ።

የአዛውንቱ ሐሳብ የአፍ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቆሎ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበትም ይሰጣል፣ ነገር ግን ብቻውን ለረጅም ጊዜ ከተበላ ሰው ይጎዳል። በቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን የሚባለው ቫይታሚን (ቢ-3) ሰውነታችን በቀላሉ በማያገኘው መልክ የታሰረ ነው። እሱ ሲጎድል ፔላግራ የሚባል በሽታ ይመጣል። ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ፣ አንገትና እጅ፣ ይጠቁራል፣ ይላላጣል፤ ተቅማጥ ይከተላል፤ ሲብስ አእምሮም ይታወካል። ይህ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም፣ እንደ እኛ ስደተኞች ላይ የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ማላዊ ውስጥ በነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች ላይ ከ17 ሺህ በላይ ሰው በፔላግራ ተይዟል። ራሽናቸው በቆሎ ነበር። ከዚያ በፊት ከበቆሎው ጋር ኦቾሎኒ ይታደላቸው ነበር፤ የኦቾሎኒው አቅርቦት ሲቋረጥ ነው በሽታው የገባው።

ይህን ካነበብን በኋላ የደቡብ ሱዳናዊቷ ጎረቤታችንን ሳህን ያየነው በሌላ ዓይን ነው። እሷ ስለ ናያሲን ሰምታ አታውቅም፣ እናቷ ስለሠራችው ነው የምትሠራው። በነገራችን ላይ በቆሎን መጀመሪያ ያለሙት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በቆሎውን በኖራ ወይም በአመድ ውሃ ነው የሚቀቅሉት። ያ አሠራር የታሰረውን ቫይታሚን ይፈታዋል። በቆሎው ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ ሲመጣ («የባሕር ማሽላ» የሚሉት ቦታ ያለው በከንቱ አይደለም) አሠራሩ አብሮት አልተሻገረም። አመድ ጨምሩ እያልን እንዳልሆነ ግን ይታወቅልን። ኦቾሎኒ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ወተት ከተገኘ ወተት፣ እንቁላል ከተገኘ እንቁላል፣ ከገንፎው አጠገብ አይጥፋ ነው የምንለው። ገንዘብ ከሌለስ? ከራሽኑ ክክ ትንሽ ቆንጥሮ ገንፎው ውስጥ መቀላቀል አለ። ክክን በሙሉ ሸጦ በቆሎን ብቻ ማስቀረት ግን አደጋ አለው።

ስለ ሕፃናትም ጥቂት እንበል። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ገንፎም አጥሚትም አያስፈልገውም፣ የእናቱ ጡት ይበቃዋል። ከስድስት ወር በኋላ ለስለስ ያለ፣ ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ገንፎ ነው የሚሰጠው። ውሃ በውሃ የሆነ አጥሚት ሆዱን ሞልቶ ያስተኛዋል እንጂ አያሳድገውም። ከክሊኒክ ለተጎዳ ልጅ ተብሎ የሚሰጠውን ፋፋ ለቤተሰቡ በሙሉ ማካፈል እንዳለ እናውቃለን። ቤት ውስጥ አምስት አፍ ተከፍቶ ለአንዱ ብቻ መስጠት ለእናት ምን ያህል ከባድ እንደሆነም እናውቃለን። ቢሆንም ያ ዱቄት የዚያ ልጅ መድኃኒት ነው። ለሌሎቹ ይህችን የወተት በቆሎ ሠርቶ ጎን ለጎን ማቅረብ ልቅሶውን ይቀንሰዋል፤ ሞክረው የነገሩን እናቶች አሉ።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ ሻጋታ። እማማ ያንን ሁሉ የለቀሙት ለጣዕም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 እዚሁ ኬንያ ውስጥ፣ በምሥራቁ ክፍል በማኩዌኒና በኪቱይ አካባቢ፣ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል። መርዙ አፍላቶክሲን ይባላል። ምግቡን ማፍላት አያጠፋውም፣ ማመስም ሆነ ማጠብ መተማመኛ አይሆንም። ስለዚህ በቆሎውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ ማስቀመጥ፣ ዝናብ ሲመጣና ላጋው ሲሞላ ከውሃ መጠበቅ፣ የረጠበውን ሳይውል ሳያድር ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ለመሸክሸክ ውሃ ያስነካነውንም እንደዚሁ፤ በደንብ ሳይደርቅ ማዳበሪያ ውስጥ አይመለስም። የሻገተውን ለዶሮም አትስጡ።

«ይኼን ሁሉ የምትሉት በቆሎው ሲኖር ነው» የሚለን አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ባምባ ቻኩላ ሲጀመር ከራሽኑ ከፊሉ በስልክ ገንዘብ እየሆነ ሲመጣ ብዙዎቻችን የምንወደውን እህል የምንገዛበት ቀዳዳ አገኘን። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ራሽኑ ክፉኛ ተቆርጦ ያ ቀዳዳ ጠበበ፤ ሰልፍም ወጣ፣ ጩኸትም ተሰማ። ገንፎ በማጣፈጥ የራሽን ቅነሳ አይመለስም፣ እኛም እንደዚያ ብለን ማንንም አናታልልም። በሰው አንድ ቀን 2,100 ካሎሪ ያስፈልጋል ብሎ የዓለም ድርጅት ራሱ የጻፈው ቁጥር አለ፤ ያ ቁጥር በጓል ባልሆነ ገንፎም አይሞላም። የቅሬታውን ጉዳይ በሌላ ገጽ እንቀጥልበታለን። ግን የተሰጠንን ሦስት ኪሎ በአንድ ኪሎ ዋጋ ከመሸጣችን በፊት ምን ሊወጣው እንደሚችል ማወቅ ሌላ ጉዳይ ነው።

ወደ አራሷ እንመለስ። እማማ ያን ቀን ገንፎውን ቅባት በነካ ሳህን ውስጥ እያንከባለሉ ክብ አድርገው፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርገው፣ ዘይቱንና በርበሬውን ሞልተው፣ በንጹሕ ነጠላ ሸፍነው ለባልየው አስያዙት። እኛም ተከተልን። ከጎረቤት ሦስት ሴቶች ሲሸት ሰምተው መጡ፤ እልልታው ከበር ጀመረ። በዚህ ካምፕ ውስጥ ለአንድ አራስ ያን ያህል ሴት ተሰብስቦ ያየነው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

አራሷ መጀመሪያ ከዳር ትንሽ ቆረሰች። ዝም አለች። ደግማ ቆረሰች። «እማማ፣ ገብሱን ነው የሠሩት?» ብላ ጠየቀች።

ባልየው መልስ ከመስጠት ይልቅ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሳቀ። ፌስታሉ እንደተቋጠረ እዚያው ተሰቅሏል። እማማም «ገብሱን አስቀምጪው ልጄ፣ ለክርስትናው ይሆናል» አሏት።

ከእናንተ መካከል በቆሎን በሌላ መንገድ የሚያጣፍጥ ካለ በብሎክ መሪዎቻችሁ በኩል ጽፋችሁ ላኩልን። ባለፈው ሳምንት ብቻ አንድ አባት በሎሚ የሚሠራ አለ ብለው ነግረውናል። እኛ አላመንንም፣ ግን እንሞክረዋለን።